ኬክ ጋግሮ የማያውቀው ሲክስተን

የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚጻፍበት ቤት ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ቢሮው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ አገሩ ሙቅ ይሁን ብርድ፣ ከቡና ማሽኑ አጠገብ ኩባያውን በሁለት እጁ አቅፎ ይቆማል። እናንተ ሥራው ተበላሽቶባችሁ ላብ ሲያጠምቃችሁ፣ እሱ ጉሮሮውን ጠረግ ያደርግና ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በዚያኛው ቋንቋ ቢሆን ኖሮ እኮ ይሄ አይፈጠርም ነበር» ይላል። ፕሮግራም ጽፋችሁ ባታውቁም ሰውየውን ታውቁታላችሁ። መኪናችሁ ዝናብ ላይ ስትቆም፣ የራሱን መስኮት ዝቅ አድርጎ የትኛውን መኪና መግዛት እንደነበረባችሁ የሚነግራችሁ ሰው የሥጋ ዘመዱ ነው። ከሁሉ የሚያበሽቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆኑ ነው።

በጎተንበርግ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ድሮ የጨው ዓሣ በርሜል ይከማችበት የነበረ ቤት አለ። ሁለተኛ ፎቁ ላይ ብሪጋን የምትባል የአሥራ አንድ ሰው ድርጅት ትገኛለች፤ በየደሴቱ የጀልባ ማቆሚያ ላይ ለተሰቀሉት የሰዓት ሰሌዳዎች ፕሮግራም ትሠራለች። የዚህች ቤት «በዚያኛው ቋንቋ» ባይ ክቡር ሲክስተን ቫልማርክ ነበር። ዕድሜው ስልሳ አራት፤ ክረምት ከበጋ ሰንደል ጫማ በወፍራም የሱፍ ካልሲ ያደርጋል፤ ብቻውን ይኖራል፤ ከከተማው ዳር ባለችው የአትክልት ቦታው ከረንት የሚባለውን ቀይ ኮምጣጣ ፍሬ እየለቀመ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያከማቻል፤ ለማን እንደሚያከማች ማንም አያውቅም።

የቡድኑ አለቃ ኢልቫ ናት። ወደዚህ ሙያ ከመግባቷ በፊት የመርከብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበረች፣ የፕሮግራም ቋንቋ ለእሷ እንደ ፒንሳ ነው፤ ይይዛል ወይስ አይይዝም ከማለት የዘለለ ጥያቄ የላትም። ከሲክስተን ጋር ዘጠኝ ዓመት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተቀምጣለች። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት «በዚያኛው ቋንቋ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማች ለመቁጠር አንድ ሰሞን ሞክራ፣ ረቡዕ ላይ ሲደርስ ትታዋለች።

«ያኛው ቋንቋ» ሃስኬል ይባላል፤ ፈንክሽናል ከሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱ ነው። በከተማው ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ያጠና ሁሉ አንድ ሰሞን ቀምሶታል፤ አብዛኛው ሰው ፈተናውን አልፎ ረስቶታል። ሲክስተን አልረሳውም። እንዲያውም ከሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ ዛሬ በሌለች አንዲት ትንሽ ድርጅት ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቋንቋ ሠርቷል። ድርጅቷ ፈረሰች፤ ሠራተኛው ተበተነ። ሲክስተን ከዚያ ወዲህ እንጀራው የሚገኝበትን ቋንቋ ሁሉ ጽፏል፤ ያቺን ሁለት ዓመት ግን ሰው የመጀመሪያ ፍቅሩን በሚያነሳበት ድምፅ ነው የሚያነሳት።

«ሁለት ዓመት» ይላል፣ ኩባያው ውስጥ እያየ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ስልክ አልተደወለልንም። ፕሮግራሙን እንሰጣለን፣ ሰዎቹ ይወስዱታል፣ በቃ። ዝም።»

«ምናልባት ማንም አልተጠቀመበትም ይሆናል» ይላል ያርሞ።

ያርሞ ፊንላንዳዊ ነው፤ እሱም ጡረታው ተቃርቧል። የብሪጋንን አሮጌ ኮድ ከግማሽ በላይ የጻፈው እሱ ነው። ለሲክስተን «ሊቀ ጳጳሱ» የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው።

«ሊቀ ጳጳሱ ዛሬ ይሰብካሉ ወይስ ባርከውን ብቻ ይሄዳሉ?» ይላል ጠዋት ገና በሩ ሲከፈት።

«አንተን መባረክ ጊዜ ማባከን ነው» ይላል ሲክስተን ጃኬቱን እየሰቀለ። «ትናንት የጻፍከውን አይቼዋለሁ።»

«እሺ፣ እና?»

«አንዱን ዝርዝር አራት ቦታ ላይ ትቀይረዋለህ።»

«ሦስት ቦታ ነው።»

«አራት። አራተኛውን አንተም አታውቀውም።»

ያርሞ ይስቅና ኮዱን ከፍቶ ያያል። አራት ነው።

የሊቀ ጳጳሱ ሃይማኖት አንዲት ትእዛዝ ብቻ ናት፦ «ምንም አትቀይሩ፤ አዲስ ሥሩ።» ትርጓሜዋን ለኢልቫ ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ቀን አስረድቷታል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ባንኮኒ ላይ እንደተቀመጠ የጋራ ደብተር ናቸው አላት። አንዱ መጥቶ ይሰርዛል፣ ሌላው ይጨምራል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰርዘው ሳይጨርሱ ያነባል። በእሱ ቋንቋ ግን ደብተሩን ማንም አይነካውም። ለውጥ የፈለገ ከደብተሩ አይቶ በንጹሕ ወረቀት ይጽፍና ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። የድሮው ገጽ በቦታው እንዳለ ነው፤ ዛሬ ያነበበውም ነገ ያነበበውም ያንኑ ያገኛል።

«ወረቀት አያልቅም?» አለችው ኢልቫ።

«የማይፈለገውን ማሽኑ ራሱ እየሰበሰበ ይጥለዋል።»

ኢልቫ ጥሩ ነው ብላ አሰበች። ከዚያ ስልኳ ጮኸ፤ አንድ ደሴት ላይ ሰሌዳ ጠፍቶ ነበር።

ሲክስተን ሰሚ አይመርጥም። ሊፍቱን ሊጠግን የመጣውን ባለሙያ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሊፍቱ ውስጥ ይዞ አስተምሮታል፤ ሰውየው ሥራውን ሲጨርስ በደረጃ ነው የወረደው። ኢልቫ አርባ ዓመት ሲሞላት ግብዣው ላይ፣ ዕድሜውን በዓሣ ማስገር የፈጀውን አባቷን ጥግ ላይ ይዞ ሲያስረዳው ነበር። አባቷ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠውና፣ «አንተ ሰው፣ መረብ ሲቀደድ አዲስ ነው የምትሠራው ወይስ የቀድሞውን ትጠግናለህ?» አለው። ሲክስተን እስከ ዛሬ ድረስ ለዚህ ጥያቄ መልስ እያዘጋጀ ነው።

ብሪጋን ውስጥ ደግሞ ሌላ ሕግ ነበር፤ በወረቀት አልተጻፈም፣ የጣሰው ግን የለም። ያበላሸ ይጋግራል። በሳምንቱ ውስጥ በእሱ ኮድ ምክንያት ሰሌዳ የወደቀበት ሰው፣ አርብ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ለቡና ሲቀመጡ በገዛ እጁ የጋገረውን ኬክ ይዞ ይቀርባል። ከሱቅ የተገዛ አይቆጠርም። ማንም ካላበላሸ ሁሉም ደረቅ የአጃ ቂጣ በቅቤ ይበላል።

ያርሞ በዚህ ሕግ ምክንያት የኬክ ባለሙያ ሆኗል። የቸኮሌቱ፣ የሎሚው፣ ካርዳሞም የሚባለው ቅመም ያለበት። የልጅ ልጆቹ ሐሙስ ሐሙስ ይደውሉና፣ «አያቴ፣ በዚህ ሳምንት ምን ሰበርክ?» ይሉታል። ሲክስተን ግን አንድም ቀን ጋግሮ አያውቅም። በድርጅቱ ቋንቋ የሚጽፈውንም ቢሆን በራሱ ሃይማኖት ነው የሚጽፈው፤ ቀስ ይላል፣ ትንሽ ይሠራል፣ አይወድቅበትም። ኬኩን ይበላል፣ ያመሰግናል፣ አይጋግርም። አንዳንዴ ያርሞ የሳህኑን ፍርፋሪ ሲሰበስብ ሲክስተን በዓይኑ ይከተለዋል። ኢልቫ ይህን አስተያየት ትዕቢት ነው ብላ ነበር የምታስበው።

ሲክስተን በየዓመቱ አንድ ነገር ይለምን ነበር። አንዲት ትንሽ ፕሮግራም፣ ትንሿን፣ በሃስኬል ጽፎ ሰሌዳዎቹ ላይ ማዋል። ኢልቫ በየዓመቱ አንድ መልስ ትሰጣለች፦ «ከእረፍት በኋላ እናየዋለን።» በዚያ አገር ሐምሌ ላይ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይጠፋል፤ ስለዚህ እምቢ ለማለት የከበደ ነገር ሁሉ ከእረፍት በኋላ ይባላል። ነሐሴ ሲመጣ ደግሞ ማንም አያነሳውም። ሲክስተን እንዲህ አድርጎ ዘጠኝ ሐምሌ አሳልፏል።

በአሥረኛው ዓመት በሚድሶመር፣ በበጋው አጋማሽ በዓል ዋዜማ የሆነውን ግን ማንም አይረሳውም። ሁለት መቶ ያህል ሰው የአበባ አክሊል ደፍቶ፣ የኮምጣጤ ዓሣና የእንጆሪ ኬክ ታቅፎ፣ ወደ ግሮሸር ደሴት የምትሄደውን የስድስት ሰዓት ከአርባ ጀልባ ይጠብቅ ነበር። ሰሌዳው ትመጣለች ይላል። አልመጣችም። የያርሞ ፕሮግራም በበዓሉ ቀን የማይሠሩትን ጀልባዎች ከዝርዝሩ ላይ ሲሰርዝ፣ የሰሌዳው ፕሮግራም በዚያችው ቅጽበት ያንኑ ዝርዝር እያነበበ ነበር፤ ግማሹን ከስረዛው በፊት፣ ግማሹን ከስረዛው በኋላ። ቀጣይዋ ጀልባ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ነበረች። ከዚያ ዝናብ መጣ።

ኢልቫ ወደ አባቷ ልትሄድ ኬኳን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ከሰልፉ መሀል ነበረች።

«ይሄን ሰሌዳ የሠራውን ሰው ባገኘው» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ፣ አክሊሏ ላይ ያለው አበባ አንገቱን ደፍቶ፣ «እዚህ ባሕር ውስጥ ነበር የምከተው።»

«እኔም» አለች ኢልቫ።

በሚቀጥለው አርብ ያርሞ ሁለት ኬክ ጋግሮ መጣ። ሁሉም ዓይኑን ሲክስተን ላይ ጥሎ ያቺን ዓረፍተ ነገር ይጠብቃል። ሲክስተን ዝም ብሎ ይበላል።

«በል እንጂ ሊቀ ጳጳስ» አለው ያርሞ። «ተናገረውና ይውጣልህ። ዛሬ እንኳ ይገባኛል።»

«ምን ልበል?» አለ ሲክስተን። «ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ።»

ኩባያ ሲያጥቡ ግን ኢልቫን ጠጋ አላት። «የበዓሉን መርሐ ግብር ብቻ ስጪኝ። ሌላ አልጠይቅም።»

«ከእረፍት በኋላ እናየዋለን» አለች ኢልቫ። አሥረኛው ሐምሌ ሆነ።

በተከታዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ የሲክስተን የጡረታ ቀን ታወቀ፤ ከሚድሶመር በኋላ ባለው ሐሙስ። በማግስቱ ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ። በእጁ ዳሩ የወየበ የወረቀት ጥቅል ይዟል፤ ያኔ በሁለቱ ዓመታት የጻፉት ፕሮግራም ነው። ይሠራበት የነበረው ማሽን ቆሻሻ ከሆነ ቆይቷል፤ ወረቀቱን ግን ከመሳቢያው አውጥቶ ጥሎት አያውቅም።

«ኢልቫ፣ ያቺ የበዓል መርሐ ግብር…»

«ከእረፍት…» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም።

«ከእረፍት በኋላ እኔ የለሁም» አለ ሲክስተን። ቅር አላለውም፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው ያለው።

ኢልቫ ወንበሯ ላይ ተመቻቸች። አለቃ ናትና ልቧ ቢራራም ጥያቄዋን አልዘለለችም። «አንተ ሄደህ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር ሰሌዳ ላይ አልሰቅልም። መርከብ ላይም እንዲህ ነው፤ ሽቦውን የዘረጋው ሰው ሲሞት መርከቡ አብሮት አይሞትም።»

«እኔ እማራለሁ» የሚል ድምፅ ከስክሪን ጀርባ መጣ። ናስሪን ናት። ቤተሰቧ ከሺራዝ ነው የመጣው፤ ቢሮው ውስጥ «አልገባኝም» ለማለት የማታፍር ብቸኛዋ ሰው ናት። «ካልገባኝ አልገባኝም እላለሁ፣ ትጥዪዋለሽ። ከገባኝ ትሰቅዪዋለሽ።»

«ሰባት ሳምንት» አለች ኢልቫ። «ናስሪን ብቻዋን ካላነበበችው የያርሞን አሮጌ ኮድ እንመልሳለን።»

ሲክስተን ጥቅሉን በደረቱ አቅፎ ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ቡና ማሽኑ ሄደና ቡና ሳይቀዳ ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰበካው ቆመ። ሰውየው ሥራ ያዘ። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል፤ ናስሪን ወንበሯን ስባ አጠገቡ ትቀመጣለች።

«ዝርዝሩን የምትቀይረው የት ጋ ነው?» ትለዋለች።

«የትም አልቀይረውም።»

«ታዲያ የበዓሉ መርሐ ግብር ከየት ይመጣል?»

«ይቺ ተግባር የዘወትሩን መርሐ ግብርና ቀኑን ትቀበላለች፤ የበዓሉን አዲስ አድርጋ ትሰጥሻለች። የዘወትሩ እዚያው ተቀምጧል። ያው ነገር ከሰጠሻት ሁልጊዜ ያው ነገር ትመልስልሻለች። ጠዋት ቢሆን፣ ማታ ቢሆን፣ ያርሞ ቢቆጣ፣ ያርሞ ቢስቅ።»

«ስለዚህ ስፈትናት ሰርቨሩን ማስነሳት የለብኝም። እዚሁ ቀኑን ሰጥቻት መልሱን ማየት ብቻ።»

«ብቻ።»

ናስሪን ወንበሯን አስጠጋች። «ይሄ እኮ ግማሽ ቀኔን ይመልስልኛል» አለች። ሲክስተን ሃያ አምስት ዓመት ሲሰብክ የኖረውን ነገር ሌላ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገርለት ሰምቶ፣ መነጽሩን አውልቆ ረዥም ጊዜ ጠረገ።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን ግን ሁለቱ ከማሽኑ ጋር ተጨቃጨቁ። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ኮምፓይለር አልቀበልም ብሏል።

«ምን ሆንኩ ይላል?» አለች ኢልቫ ከቆመችበት።

«አንድ ጥያቄ አልመለሳችሁልኝም ይላል» አለች ናስሪን። «ጀልባዋ ትሄዳለች ያልን እንደሆነ እሺ። አትሄድም ያልን እንደሆነ እሺ። ትሄዳለች ግን እዚህ ደሴት አትቆምም የሚለውን ሲክስተን አንድ ጉዳይ አድርጎ ጽፎታል፤ ያ ሲሆን ሰሌዳው ምን ይበል የሚለውን ግን አልጻፍንም። እሱ ካልተጻፈ አላልፍም ብሏል።»

«እንዲህ ያለ ጀልባ የለማ። ዝለሉት።»

«አይዘለልም» አለ ሲክስተን። «መልስ ይፈልጋል።»

ኢልቫ እየተበሳጨች ወደ ጀልባዎቹ ስምሪት ክፍል ደወለች። ማዶ ያለው ሰውዬ እያዛጋ፣ «አዎ፣ ዘንድሮ የዋዜማው ስድስት ሰዓት ከአርባ በግሮሸር አልፋ ነው የምትሄደው፣ አትቆምም» አላት። «አልነገርናችሁም እንዴ?»

አልነገሯቸውም። ስልኩን ዘጋች። ዘንድሮም ሁለት መቶ ሰው፣ ዘንድሮም አክሊልና ዓሣ፤ ጀልባዋ ደግሞ ዓይናቸው እያየ በአጠገባቸው ስታልፍ። ወደ ጠረጴዛው ተመለሰችና፣ «አትቆምም በሉት» አለች። ሲክስተን ያቺን ዓረፍተ ነገር ይላል ብላ ስትጠብቅ፣ «እሺ» ብቻ ብሎ ጻፈው።

ሲያልቅ ሠላሳ ስምንት መስመር ሆነ። ናስሪን ኢልቫ ፊት ቆማ ከላይ እስከ ታች፣ ማንንም ሳትጠይቅ አነበበችው።

«ሠላሳ ስምንት?» አለ ያርሞ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «የእኔ ኮድ ውስጥ ይቅርታ የምጠይቅበት ማስታወሻ ብቻ ከዚህ ይረዝማል።»

በሚድሶመር ዋዜማ እንደ ወትሮው ዘነበ። ኢልቫ ኬኳን ይዛ ወደ ማቆሚያው ስትመጣ፣ አግዳሚው ወንበር ዳር ላይ ሰንደል ጫማና እርጥብ ካልሲ አየች። ሲክስተን ቴርሞሱን ጭኑ መሀል አድርጎ ሰሌዳውን ያያል።

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ጀልባ እየጠበቅሁ ነው።»

«ወደየት?»

«የትም።»

አጠገቡ ተቀመጠች። ሰሌዳው በስድስት ሰዓት ከአርባዋ ጀልባ ጎን «በግሮሸር አትቆምም» ይላል። ሰዎች እየመጡ ቀና ብለው ያያሉ፣ ወደ ቀደመችው የስድስት ሰዓት ከአሥር ጀልባ ይዞራሉ፣ ስለ ድንችና ስለ አማቶቻቸው እያወሩ ይሳፈራሉ። አንድ ሰው እንኳ አልቆመም። አንድ ሰው እንኳ ሁለተኛ ቀና ብሎ አላየም።

«ማንም ልብ አላለውም» አለ ሲክስተን። ፊቱ ላይ ኩራት ነበር፤ ከኩራቱ ሥር ደግሞ ኢልቫ ስም ያላወጣችለት ሌላ ነገር ነበር። «ልክ እንደ ያኔው። ዝም።»

«ና፣ አባቴ ጋ እንሂድ። ዓሣ አለ።»

«አይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥሯንም ልያት» አለ።

ሐሙስ ዕለት ሸኙት። በዚያ ሳምንት ማንም ምንም ስላላበላሸ የስንብቱ ኬክ ከሱቅ ተገዛ፤ ማርዚፓን የሚባል አረንጓዴ የለውዝ ልባስ ያለው። ሲክስተን ቢላዋውን ይዞ፣ «እንዲህ ዓይነቱ አይቆጠርም» አለና ሁሉንም አሳቀ። መሳቢያውን ባዶ አደረገ፣ ኩባያውን አጥቦ በቦርሳው ከተተ፣ ሄደ። ቡና ማሽኑ አጠገብ ያለችው ቦታ ባዶዋን ቀረች፤ ሰው ሁሉ ሳያስበው ዞር ብሎ ነው የሚያልፋት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያርሞም ጡረታ ወጣ። ወጣ ማለት ይከብዳል እንጂ። የእሱ ኮድ በየሳምንቱ ያስነጥሳል፤ ምን እንዳመመው የሚያውቅ ደግሞ ከያርሞ ሌላ የለም። ስለዚህ ይደወልለታል። ያርሞ ካርዳሞም ኬኩን ታቅፎ እየሳቀ ይመጣል፣ ያስተካክላል፣ ይበላል፣ አመሻሹ ላይ ይሄዳል። ሠራተኛ ሳለ እንኳ እንደዚህ በደስታ ቢሮ ሲገባ የታየበት ጊዜ የለም።

ለሲክስተን ግን ማን ይደውል? በምን ምክንያት? ሠላሳ ስምንቱ መስመር ሐምሌን አለፈ። የመኸሩ መርሐ ግብር ሲገባ አለፈ። ኢልቫ ሰኞ ሰኞ የስህተት መዝገቡን ትከፍታለች፤ ለምን እንደምትከፍተው ለማንም አትናገርም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የአገሩ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ሁሉ አንድ አንድ ነገር ተሰበረበት፤ ናስሪን እንኳ የሎሚ ኬክ ጋገረች። ኢልቫ ያን ሰኞ መዝገቡን የከፈተችው ተስፋ በሚመስል ስሜት ነበር።

«ትንሽ ነገርም የለም?» አለቻት ናስሪንን።

«ምንም» አለች ናስሪን፤ እሷም አይታው ነበር። «ትንሽ ስንጥቅ እንኳ የለም።»

ኢልቫ መዝገቡን ዘጋችው። ጥሩ ሥራ ማለት ይህ ነው። ጥሩ ሥራ የሠራ ሰው ከከተማው ዳር፣ በዝናብ ውስጥ፣ የማይጮህ ስልክ አጠገብ ይቀመጣል።

ኅዳር ገባ። አርብ ሲሆን ያርሞ ስለ ልጅ ልጆቹ ያወራል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ኢልቫ ግን በወሬው መሀል ጉሮሮውን ጠረግ የሚያደርግ ሰው ትጠብቃለች። አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ ናስሪን አንድ ሰሌዳ ተበላሽቶባት ስታማርር፣ ኢልቫ አፏን ከፍታ «በዚያኛው ቋንቋ…» ካለች በኋላ ደንግጣ ተነሳች። ጃኬቷን ሳትለብስ ወደ ደረጃው ወጥታ ደወለች። ገና በመጀመሪያው ጥሪ ነው የተነሳው።

«ሲክስተን፣ ኢልቫ ነኝ።»

«ምነው፣ ምን ተፈጠረ?» ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃት ብቻ ግን አልነበረም።

ኢልቫ ዝግጅት አልነበራትም። ውሸት አትችልበትም፤ ኤሌክትሪክ ሲዋሹበት እሳት ያስነሳል፤ እንደዚያ ነው ያደገችው። «ያቺ ፕሮግራምህ» አለች። «አርባ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ነገር አልገባኝም።»

ከሲክስተን ጀርባ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማል።

«ኢልቫ» አለ ሲክስተን በመጨረሻ። «ሠላሳ ስምንት መስመር ነው ያለው።»

«አውቃለሁ።»

ከዚያ ያ የምታውቀው ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማች።

«እንዲያ ከሆነ ከባድ ነገር ነው» አለ። «በስልክ የሚሆን አይደለም።»

«አይደለም።»

«መጥቼ ማየት አለብኝ።»

«አርብ ብትመጣ ጥሩ ነው» አለች። «ስምንት ሰዓት ተኩል።»

አርብ በሰንደል ጫማና በወፍራም የሱፍ ካልሲ መጣ። በእጁ የቆርቆሮ ሣጥን ይዟል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ክዳኑን ለመክፈት ትንሽ ተግደረደረና ከፈተው። የከረንት ኬክ ነው። ከሥሩ አርሯል፣ መሀሉ አልበሰለም፣ ፍሬው በሙሉ ተንከባልሎ አንድ ጎን ተሰብስቧል።

«የተጻፈውን አንድ በአንድ ነው የተከተልኩት» አለ ሲክስተን፣ ጆሮው ቀልቶ።

ያርሞ ትልቅ ቁራጭ ቆርጦ አፉ ውስጥ ከተተ። ቀስ ብሎ አላመጠ። ሹካውን አስቀመጠ፣ ኩባያውን በሁለት እጁ አቀፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በዚያኛው ቋንቋ ቢሆን ኖሮ እኮ» አለ፣ «ይሄ አይፈጠርም ነበር።»

ሲክስተን ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ መነጽሩን አውልቆ እስኪጠርግ ድረስ። ያን ቀን እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ቁራጭ በላ። ምን አበላሽቶ እንደጋገረ የጠየቀው ሰው አልነበረም።